ልጄን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ የምወስደው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል። የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ሰፈራችን ተኩስ ነበርና ሌሊቱን አልጋ ሥር አደርን። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ወስጄው የታይፎይድም የወስፋትም መድኃኒት ጨርሷል። በአምስት ዓመቱ የተወው ሽንት ማታ ማታ ተመልሶበታል። ሱቅ ብቻውን አይሄድም፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ይቀራል። አስተማሪው «ጨዋ ልጅ ነው፣ ችግር የለበትም» ይሉኛል። አባቱ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። እናቴ ደግሞ ጸበል ካልተጠመቀ ትላለች። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ብወስደው ስም ይወጣበታል ብዬ ፈራሁ። አሁንስ ባለሙያ ያስፈልገዋል የሚባለው መቼ ነው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሳላንዛዛ ከመልሱ ልጀምር። ልጅዎን ለባለሙያ የሚያሳዩበት ጊዜ ደርሷል። ከባድ ሕመም ይዞታል ማለቴ አይደለም፤ ይህን ሳላየው ልናገር አልችልም። ሦስት ወር ቆይቶ እንቅልፉንም፣ ትምህርቱንም፣ መውጣት መግባቱንም የነካ ነገር ግን በራሱ ይለቀዋል ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል።

ልጅ ሌሊቱን አልጋ ሥር አድሮ በማግሥቱ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ቢል፣ ቢቃዥ፣ በር ሲንኳኳ ዘሎ ቢነሣ፣ የተኩስ ጨዋታ ደጋግሞ ቢጫወት አያስደነግጥም። ቤቱ ከተረጋጋ፣ የሚያቅፈው ካገኘ፣ የሚበላበትና የሚተኛበት ሰዓት እንደ ድሮው ከሆነለት አብዛኛው ልጅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየተሻለው ይመጣል። በአእምሮ ጤና ሙያችን ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም በስሙ ለመጥራት ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየታቸውን የምናየው ለዚህ ነው። ለድባቴ ሁለት ሳምንት ይበቃል። በልጆች ላይ ለሚታየው ከወላጅ የመለየት ፍርሃት አራት ሳምንት ነው። ቀልብ የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ለማለት ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ያውም በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታይ። እነዚህ ቁጥሮች ለሐኪም መዝገብ የተበጁ ናቸው እንጂ እናት ቀን እየቆጠረች እንድትጠብቅባቸው አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ይዘውት ቢመጡ ኖሮም ማንም «ምነው ቸኮልሽ» አይልዎትም ነበር።

እኔ ለወላጆች የምነግራቸው መለኪያ ሌላ ነው። ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማስተያየት ይተዉና ከድሮው ከራሱ ጋር ያስተያዩት። ከተኩሱ በፊት በነበረው ወር ከማን ጋር ነበር ኳስ የሚያንከባልለው? ማታ ሲገባ የሚያወራው ነገር ነበረው? ምን ሲሠሩለት ነበር ሰሃኑን የሚልሰው? ዛሬ ከእነዚህ ውስጥ የቀሩት የትኞቹ ናቸው? በተፈጥሮው ዓይን አፋር የሆነ ልጅ ዓይን አፋርነቱ በሽታ አይደለም። ጨዋታ ወዳድ የነበረ ልጅ ዝም ሲል ግን የሄደ ነገር አለ። እርስዎ በጻፉት ብቻ እንኳ ሱቅ መላላኩን፣ የሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ትምህርቱን፣ ደረቅ አልጋውን አጥቷል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ብዙ ነው።

አሁን ወደ አስተማሪው ልምጣ፤ ምክንያቱም ከደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ የእሳቸው ቃል ነው። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ችግር የለበትም።» እኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ ማለት ድምፁ የማይሰማ፣ እንግዳ ሲመጣ አንገቱን የሚደፋ፣ ካልተጠየቀ የማይናገር ልጅ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልን እናሳድገዋለን። ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚያየው የሚደባደበውን፣ የሚጮኸውን፣ ወንበር የሚሰብረውን ነው። ወደ እኛ የሚላከውም እሱ ነው። በኋላ ወንበር ጥግ ተቀምጦ ደብተሩን የሚያይ፣ ግን ከደብተሩ አንድም ቃል ወደ ልቡ የማይገባ ልጅ «በርታ» ተብሎ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል። በሥራዬ ካየኋቸው በጣም ዘግይተው ከመጡ ልጆች መካከል የሚበዙት የተመሰገኑ ልጆች ናቸው፤ በተለይ ሴቶች ልጆች። ቡና አፍልታ፣ እህት ወንድም አሳድጋ፣ ደረጃ የምትወጣ ልጅ እንቅልፍ ካጣች ዓመት እንደሞላት የሚሰማው ሰው የለም። መምህሩን አልወቅስም፤ ጥያቄውን ብቻ ይቀይሩላቸው። «ችግር አለበት ወይ?» ከማለት «በእረፍት ሰዓት የት ነው የሚቆመው? ከማን ጋር ነው የሚበላው? እጁን ያወጣል?» ብለው ይጠይቋቸው። ልዩ መልስ ያገኛሉ።

ድባቴም በልጅ ላይ እንደ አዋቂ አይመስልም። አዋቂ ያለቅሳል፣ ይተኛል። ልጅ ብዙ ጊዜ ይነጫነጫል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ ታናሹን ይመታል። «ባለጌ ሆነ» የተባለ ልጅ ውስጡ ያዘነ ሆኖ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ ፍርሃቱ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ከተማ ባለፉት ዓመታት ልጅ ያልሰማው የለም። ተኩስ ሰምቷል፤ የእገታ ወሬ ሰምቷል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት አይቷል። አደጋ ባለበት ቦታ የሚፈራን ልጅ ታመመ አልልም፤ የማይፈራው ነው የሚያሳስበኝ። ልዩነቱ የሚታየው በሰላሙ ቀን ነው። መንገዱ ረግቶ፣ ባጃጁ ሥራ ጀምሮ፣ የሰፈሩ ልጆች ወጥተው ሲሯሯጡ የእርስዎ ልጅ መስኮት ሥር ከቀረ፣ ፍርሃቱ ከተማውን ትቶ ልጁ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ሁለት ሳምንት ያህል ልብ ብለው ይዩት።

ሆዱ። እህቴ፣ ሆዱን ያመዋል፤ አይዋሽም። የሰው አንጀት ከአንጎል ጋር በብዙ ነርቭ የተያያዘ ነው፤ ጭንቀት ሲመጣ አንጀት ይኮማተራል፣ ይላወሳል፣ እኛም «ሆዴ ባር ባር አለኝ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ደግሞ «ተጨንቄያለሁ» የሚልበት ቃል ገና ስላልበቀለለት በሆዱና በራሱ ይናገራል። አንድ ቀላል ነገር ይመልከቱ፤ ቅዳሜና እሑድ ያመዋል? በዓል ሲሆንስ? እንብርቱ ዙሪያ ነው እያለ የሚያሳይ፣ ጠዋት የሚብስ፣ ረፋድ ላይ ትምህርት መቅረቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚለቅ ሕመም ወደ ጭንቀት ያደላል። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው፣ ከእንብርት ርቆ በአንድ ወገን የሚወጋው፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ደም ያለበት ሰገራ ወይም መክሳት ያለበት ከሆነ ግን እኔን ይተዉኝና ቶሎ የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።

ለነገሩ በየክሊኒኩ ደም ተሰጥቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባለው ነገር የእኛ አገር የቆየ ጣጣ ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ድሮ ያለፈ በሽታንም ሌላ ትኩሳትንም ታይፎይድ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት የሌለው ልጅ በሦስት ወር ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ያዘው ሲባል እኔ ልጁን ሳይሆን ምርመራውን ነው የምጠራጠረው።

ሽንቱን በተመለከተ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አልጋ ቢያረጥብ ሕመም አንለውም። ቢያንስ ስድስት ወር ደርቆ የቆየ ልጅ ሲመለስበት ነው የምንጠይቀው። አስቀድመው ሽንቱን ያስመርምሩት፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ምርመራ ነው። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣዋል። ውኃ ውኃ የሚል፣ እየበላ የሚከሳ ከሆነ ደግሞ ስኳር ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም፤ የዚያኑ ቀን ይሂዱ። ይህ ሁሉ ከጠራ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ የሚያደርገው ነገር ነውና መግረፍም፣ በወንድም በእህቶቹ ፊት ማሳፈርም፣ ፍራሹን ለጎረቤት በሚታይበት ማስጣትም ይቅር። በዚህ ላይ ጨምሬ የምጠይቀው አለ፤ ብቻውን ስናገኘው ነው የምንጠይቀው። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ልጅ ከተኩሱ ሌላ የነካው፣ ያስፈራራው፣ «ለማንም እንዳትናገር» ያለው ሰው ሊኖር ይችላል። እንዲህ ሆኗል አላልኩም። አንድ የተለየ ሰው ሲመጣ የሚሸሽ ወይም ከዕድሜው በላይ የሆነ ነገር የሚናገር ከሆነ ግን አይቆጡት፣ አይመርምሩት፤ «ስለነገርከኝ ጎበዝ» ብለው ይዘውት ይምጡ።

ሌላም ከአእምሮ ጤና ጋር የሚምታታ ነገር አለ። «ያፈዘዋል» የተባለ ልጅ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ፈጥጦ ቀርቶ ምንም እንዳልሆነ ጨዋታውን የሚቀጥል፣ መውደቅ የሌለበት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። «አይሰማኝም» የተባለው ልጅ ጆሮው መግል ይዞ በእውነት አይሰማ ይሆናል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ልጅ ደግሞ ከመድኃኒቱ የተነሣ ሊቅበጠበጥና ሊነጫነጭ ስለሚችል፣ ልጁን ከመቅጣትም መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ከማቋረጥም በፊት ላዘዘው ሐኪም መንገር ነው። የእርስዎ ልጅ እነዚህ ያሉበት አይመስለኝም፤ ሌላም የሚያነብ ስላለ ነው።

እናትዎ ጸበል ማለታቸውን አልቃወምም። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት አገር ተወልጄ ጸበል ይቅር ብል ማን ይሰማኛል፤ እኔም አልለውም። ጸሎቱና አብሮ የሚሄደው ዘመድ ብዙ ልጅ ያረጋጋሉ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው፤ ልጁ አይታሰር፣ አይገረፍ፣ ጭስ አይታጠን፣ በዚህ ዕድሜው እህል ውኃ አይከልከል፣ የታዘዘለት መድኃኒትም ካለ አይቋረጥ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ «ውጣ» እየተባለ መጮህ ራሱ ሌላ አልጋ ሥር የሚያሳድር ድንጋጤ ነው። ጠዋት ተጠምቆ ረፋድ ላይ እኛ ዘንድ ቢመጣ ሁለቱ አይጣሉም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ልጅ «ብሞት ይሻላል»፣ «እኔ ባልኖር ትገላገሉ ነበር» ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ መብላት መጠጣት ካቆመ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እንደሚያናግረው ከነገራችሁ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ስለ መሞት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቅ ይቀልለዋል። ትኩሳት ይዞት ከቀባጠረ፣ በተለይ ከመተማ ወይም ከደምቢያ በኩል ተመላልሶ ከሆነ፣ ያ የአእምሮ ሕመምም ዛርም አይደለም፤ አንጎል ላይ የወጣ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ቤት እላለሁ። ለእህል የሚገዛውን የነቀዝ ክኒን ልጅ ከሚደርስበት ያርቁ፤ ቢቻል ቤት ውስጥ ባያስቀምጡት። ማርከሻ የለውም። በንዴት ሰዓት በቅርብ የተገኘ አንድ ክኒን ስንት የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንደወሰደብን በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች እናውቃለን። የአይጥ መርዝና የቤት ውስጥ መድኃኒቶችም እንዲሁ።

አሁን ስም ይወጣበታል ወዳሉት ልመለስ። የሚፈሩት እውነት ነው፤ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ፒያሳ የታየ አዘዞ ይሰማል። ግን የአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ስለዚህ ክፍላችን በር ላይ ልጅ ይዞ መቀመጥ ብርቅ አይደለም። መጀመሪያ ቀጥታ ወደ ሳይካትሪ ክፍል መምጣትም ግድ የለብዎትም። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። እዚያ ያለው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ስለ አእምሮ ጤና መሠረታዊ ሥልጠና የወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም ሪፈር ይጽፍልዎታል። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ካለዎትማ ያ የሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ሲደርሱ ከኪስዎ እንዳይከፍሉ ይረዳዎታል። ከዚያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሕፃናት ክፍል በኩልም ቢገቡ ወደ አእምሮ ጤና ክፍሉ ያገናኙዎታል።

መጥተው የሚያገኙትም የሚያስፈራ አይደለም። መጀመሪያ እርስዎን እናናግራለን፤ ከእርግዝናው፣ ከአወላለዱ፣ መቼ እንደሄደ፣ መቼ እንደተናገረ ጀምሮ። ቀጥሎ ልጁን፤ ወረቀትና እርሳስ እንሰጠዋለን፣ ቤታችሁን ሣል እንለዋለን። ከሥዕሉ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ እናያለን፤ ይነግረናል። መርፌ የለም። መድኃኒትም በዚህ ዕድሜ ለእንዲህ ዓይነት ፍርሃት የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም፤ በንግግርና በልምምድ ነው የምንጀምረው። ገና በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ አይቶት፣ ምንም ሳይጠይቅ የእንቅልፍ ክኒን የሚጽፍ ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ። ለትምህርት ቤቱም ያለ እርስዎ ፈቃድ የምንጽፈው ነገር የለም።

እስኪመጡ ድረስ ግን ከትምህርት መቅረቱ እንዳይረዝም። ይህን ለምን አጥብቄ እንደምል ላስረዳ። ልጁ ጠዋት ይፈራል፤ «ዛሬ ቅር» ሲባል ወዲያው ይቀልለዋል። ያ እፎይታ ለአንጎሉ «በመቅረትህ ተረፍክ» የሚል ትምህርት ነው። በማግሥቱ ፍርሃቱ በአንድ እርከን ጨምሮ ይመጣል። የምንፈታውም በዚያው ገመድ ወደ ኋላ ነው፤ በአንዴ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ። ዛሬ አብረውት እስከ ሱቅ ይሂዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ እርስዎ በር ላይ ቆመው እያዩት እሱ ገብቶ ጨው ይግዛ፤ ከዚያ እርስዎ ደጃፍ ላይ ቀርተው ይመለስ። ትምህርት ቤትም እንዲሁ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ መጀመሪያ እስከ ክፍሉ በር፣ ቀጥሎ እስከ ግቢው በር። ባያለቅስም ባይፈራም ብለው አይጠብቁ፤ እየፈራ መሄዱ ነው ድሉ። አባቱን እዚህ ሥራ ላይ ያስገቡልኝ። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉ አባቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ያንን ሌሊት አልረሱትም፤ ልጁን በእጁ ይዞ ሱቅ ድረስ መሄድ ግን ይችሉበታል።

እርስዎስ፣ እህቴ፣ ይተኛሉ? ይህን የምጠይቀው ለይሉኝታ አይደለም። ልጅ አደጋ መኖር አለመኖሩን የሚያነበው ከእናቱ ፊት ነው። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ቀኑን ሙሉ የተኩስ ወሬ የሚያወሩ ከሆነ እሱ ባይመስልም ይሰማል፤ ወሬውን እሱ ከተኛ በኋላ ያድርጉት። እንቅልፍ አጥተው፣ ልብዎ እየመታ የሚያድሩ ከሆነም ካርድ ለሁለት ያውጡ።

ለልጁ ምን ብለው ይዘውት እንደሚመጡ የሚጨነቁ ይመስለኛል። ገበያ እንሄዳለን ብለው አታለው አያምጡት፤ አንዴ ካታለሉት ነገ ሱቅ ላክሁህ ሲሉት አያምንዎትም። ዋዜማውን ማታ፣ ራቱን ከበላ በኋላ፣ «ጠዋት ጠዋት ሆድህን የሚያምህንና የሚያስፈራህን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ፤ መርፌ አይወጋም፣ ያወራሃል፣ እኔም እዚያው ነኝ» ይበሉት። የትምህርት ቤት ደብተሩን ይያዙ፤ እስከ አሁን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርቶንም። ስንት ቀን ከትምህርት እንደቀረና ስንት ሌሊት እንደረጠበ በወረቀት ጽፈው ቢያመጡ ግማሹን ሥራ ጨረሱልን። እናትዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ልጁ ማታ ማታ ከአያቱ ሥር የሚተኛ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ልቡ ምን እያለ እንደሚቃዥ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።